ሁለትን ተጫኚ

ሌሊት አልነበረም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር።

መብራት አልጠፋም፣ ውሻም አላላዘነም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፤ በሳዑዲ አቆጣጠር ሁለት ተኩል። ሱቆች ከዙህር ሶላት በኋላ ተዘግተው፣ አስፋልቱ በፀሐይ ሲቀልጥ፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ የሚተኛበት ሰዓት...

ጊዜው ሰኔ 2004 ነው። ረመዳን ሊገባ ሳምንታት ቀርተውታል።

"ፈጠራ ነው" የምትሉ ኮሜንት ላይ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ኑ፣ ቅር አይለኝም። እኔ ግን የመኪናዬን የኋላ ወንበር በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። እናቴም አይታለች። ሌላውን እናንተ ፍረዱ።

ጀሚል እባላለሁ። ያደግሁት መካ፣ ኩዳይ ነው። እናቴ ሰዓዲያ በልጅነቴ ከወሎ፣ ከሐርቡ ይዛኝ መጥታ እዚያው ቀረን። እሷ በየቤቱ እየዞረች ለማዳሞች ጀላቢያ ትሸጣለች። እኔ ኮምፒውተር ተማርኩና ጅዳ፣ ሰቢል ውስጥ አንድ መክተብ ተቀጠርኩ። መክተብ ማለት ሠራተኛ ሴቶችን ከሀገር ቤት እያስመጣ ለየቤቱ የሚያከፋፍል ቢሮ ነው። ያኔ ሥራው ጦፎ ነበር፤ በተለይ ረመዳን ሲቃረብ ሠራተኛ የማይፈልግ ቤት የለም።

ጠባዬንም ልንገራችሁ። ብክነት አልወድም።

ቧንቧ ሲንጠባጠብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባዶ ክፍል ውስጥ መብራት በርቶ ካየሁ ከሰው ጋር እጣላለሁ። ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር አብረውኝ የተከራዩት ልጆች ስገባ "መብራት ኃይል መጣ!" እያሉ ያሾፉብኛል። በፕሮግራም ሥራም ያው ነኝ። በከንቱ የሚሠራ መስመር ካየሁ ሳልነቅለው አላድርም።

እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተተኝም ይሄው ጠባዬ ነው።

ራሕመት የአክስቴ ልጅ ናት። የመጣችው በእኛው መክተብ በኩል ነው፤ መካ፣ ኮረብታ ላይ ያለ ትልቅ ቤት ገባች። መጀመሪያ አካባቢ ጁምዓ ጁምዓ እናቴ ጋ እየደወለች ስትስቅ ትውል ነበር። ከዚያ ስልኳ ተራራቀ።

ከዚያ ቀረ።

ከፊሏ፣ ማለትም አሠሪዋ፣ መክተቡ ጋ ደውሎ "ሁሩብ" አለ። ከቤት ጠፍታለች ማለት ነው። መክተቡም ስሟን ሰረዘ። ኸላስ። አንድ ሰው በአንድ ቃል አለቀ።

እናቴ ግን አልተቀበለችውም።

"ራሕመት ብትጠፋ የምትጠፋው ወደ እኔ ነው" ትላለች። "ሌላ ማንን ታውቃለች?"

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ልጅቷ የት እንዳለች ማወቅ... በሕይወት ካለች ማውጣት።

አንድ ማክሰኞ ሙዲራችን፣ ማለትም ሥራ አስኪያጃችን፣ ሰላሀዲን ጠራኝ። መካ የተወለደ የኛው ሰው ነው፤ አማርኛና አረብኛ እየቀላቀለ ነው የሚናገረው።

"ያ ጀሚል! ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ቪዛው ተቆልሏል፣ ረመዳን ደርሷል። ያላ፣ አስተካክለው።"

ረቡዕ ከሰዓት የሚሠራ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው ያለን።

ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ መክተቡ ላስመጣቸው ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ ይደውላል። ስልኩ ሲነሳ የተቀዳ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ የኸይሪያ ነው፤ ሴቶች ክፍል የምትሠራው የቢሯችን ልጅ።

"አሰላሙ ዐለይኪ እህቴ። ደህና ነሽ? ደህና ከሆንሽ አንድን ተጫኚ። ደህና ካልሆንሽ ሁለትን ተጫኚ።"

የሚደወለው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማዳም ከምሳ በኋላ የምትተኛው ያኔ ነዋ። ልጆቹ ተደብቀውም ቢሆን ስልክ ማንሳት የሚችሉት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ያሰበው ከኔ በፊት የነበረው ሰይፉ ነው። ፕሮግራሙንም የጻፈው እሱ ነው፣ ፐርል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ። ጽፎ ጨረሰና ብዙም ሳይቆይ በድንገት ሀገር ቤት ገባ።

ፕሮግራሙን ከፈትኩት።

ፐርል ውስጥ ማፕ የሚባል ትእዛዝ አለ። ስሞች ትሰጡታላችሁ። በእያንዳንዱ ስም ላይ ያዘዛችሁትን ይሠራና፣ ያገኘውን መልስ ሁሉ ሰብስቦ ያመጣላችኋል። መልሱን የሚቀበል ዕቃ ከትእዛዙ በስተግራ ታስቀምጣላችሁ። ግራው ባዶ ከሆነ መልሱ ይጣላል። ልጇን "ሰፈሩን ዞረህ ከየቤቱ ዕቃ ሰብስብልኝ" ብላ የላከች እናት፣ ተሸክሞ ሲመጣ በሩን ብትዘጋበት እንደማለት ነው።

የሰይፉ ማፕ ግራው ባዶ ነበር።

ደሜ ፈላ። ይሄ ነው ብክነት!

ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። የፐርል ሰዎች በዚህ ጉዳይ ኢንተርኔት ላይ ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት። የድሮው ፐርል ተቀባይ ባይኖርም መልሱን ይከምር ይከምርና መጨረሻ ላይ ይደፋዋል። ያ ማሽን ያንቀራፍፋል። አዲሱ ግን ተቀባይ እንደሌለ ካወቀ ጭራሽ አይከምርም። ሥራውን ይሠራል፣ መልሱን እዚያው ይለቀዋል። የኛ ማሽን ላይ ያለው አዲሱ ነው።

ስለዚህ ምንም መከመር የለበትም።

የማሽኑን የሚሞሪ መዝገብ አየሁ። ረቡዕ ረቡዕ ስምንት ተኩል ላይ መሙላት ይጀምራል። በየመልሱ ከፍ ይላል። ፕሮግራሙ አልቆ ከተዘጋ በኋላ መውረድ ሲገባው... አይወርድም። እንደያዘ ያድራል።

ምኑን ነው የያዘው? ማን ነው የያዘው?

ይህን እያሰብኩ ሳለ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ዘግይቶ ስለገባኝ እስካሁን ይቆጨኛል። የሚጣለው ቁጥር አይደለም፤ የሴቶቹ መልስ ነው። ደህና ነሽ እያልን እንጠይቃቸዋለን። ማዳም ሳትነቃ ተደብቀው ይጫናሉ። እኛ አንሰማም።

ሰላሀዲን ጋ ገባሁ።

"መልሱን ማንም አይቀበለውም" አልኩት።

"የትኛውን?"

"ልጆቹ የሚጫኑትን። በሙሉ ይጣላል።"

ከስልኩ ላይ ቀና እንኳ አላለም።

"ውሉ ጠይቁ ነው የሚለው፣ ጀሚል። አዳምጡ አይልም።"

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። አንዲት መስመር ጨመርኩ።

ፐርል ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ሥራ የታዘዘው ክፍል፣ ያዘዘውን "መልሴን የሚጠብቅ አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ምላሹ ከሦስት አንዱ ነው። ብዙ መልስ የሚጠብቅ አለ፤ አንድ መልስ የሚጠብቅ አለ፤ የሚጠብቅ የለም። እኔ ያደረግሁት ምላሹን በአማርኛ ስክሪኑ ላይ እንዲጽፍልኝ ማዘዝ ብቻ ነው። ግራው ባዶ ስለሆነ "የሚጠብቅ የለም" እንደሚል አውቃለሁ። ለማረጋገጥ ያህል ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከእኔና ከኸይሪያ በስተቀር ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል። ኤሲው ያጉረመርማል።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ።

*አንድ መልስ የሚጠብቅ አለ።*

ተሳስቻለሁ አልኩ። ኮዱን አየሁት። ግራው ባዶ ነው። ፕሮግራሙን አቋርጬ እንደገና አስነሳሁት።

*አንድ መልስ የሚጠብቅ አለ።*

ባዶ ነው ባልኩት ቦታ ላይ የሆነ አካል ቁጭ ብሎ...

ኳ ኳ።

ዘለልኩ። በእኛና በሴቶች ክፍል መካከል ያለችው ትንሽ መስኮት ናት። ኸይሪያ ናት።

"ጀሚል... ቅጂውን ቀየራችሁት እንዴ?" አለች በሹክሹክታ።

"የቱን?"

"ረቡዕ የሚደወለውን። አሁን ማሽኑ ሲደውል በስፒከር ሰማሁት።"

"ማንም አልነካውም። ያንቺው ድምፅ ነው።"

"የኔ አይደለም።"

"እንዴት?"

"ወላሂ የኔ አይደለም። ልጅ ናት... አነጋገሯ የወሎ ነው።"

መስኮቷን ዘጋችው። እኔም ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ።

የዚያኑ ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ሰይፉ ጋ ደወልኩ። ኮምቦልቻ ነው ያለው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ በቀጥታ ገባሁበት።

"ለምን ነበር መልሱን የማትቀበለው?"



"እቀበለው ነበር" አለ። "መጀመሪያ ስጽፈው ግራው ላይ ተቀባይ ነበረው።"

"እና?"

"ሁለት ነው የሚመጣው፣ ጀሚል። ሁለት... ሁለት... ሁለት። ለሙዲሩ አሳየሁት፣ ተወው አለኝ። እኔ ግን ማታ እንቅልፍ አጣሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ተቀባዩን አጠፋሁት። ላለመስማት።"

ተናደድኩበት። አዘንኩለትም። ልዘጋ ስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንድ ነገር አድርግልኝ። ቁጥሬን ከዚያ አውጣልኝ።"

"የምን ቁጥር? ያንተ ቁጥር የለም እዚያ።"

"አሁንም ረቡዕ ረቡዕ ይደወልልኛል።"

"ሰይፉ... አንተ እኮ ኢትዮጵያ ነህ።"

"አውቃለሁ" አለ። "ደህና ነህ ወይ ትለኛለች። አንድም ቀን ተጫኜ አላውቅም።"

ስልኩ ተቋረጠ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ሥራውን ጥዬ ልውጣም ብዬ ነበር። ግን የራሕመት ጉዳይ አለ። የሴቶቹን መልስ የሆነ ነገር ከያዘው፣ የእሷም መልስ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ደግሞስ እንደ ሰይፉ ላለመስማት ብሸሽ፣ እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ሦስት ነገር አደረግሁ። የተሰረዘውን የራሕመትን ስልክ መልሼ አስገባሁ። ከማፑ በስተግራ ተቀባይ አስቀመጥኩ። ከዚያ እያንዳንዱ መልስ ከነስሙ ወደ ስልኬ በቴክስት እንዲመጣ አደረግሁ። ፕሮግራሙ ረቡዕ በሰዓቱ በራሱ ይነሳል፤ እኔ እዚያ መሆን የለብኝም።

እኔ መካ መሆን ነበረብኝ።

ለእናቴ የነገርኳት ግማሹን ነው። ግማሹ በቃት። ጀላቢያዋን ጠቅልላ ተነሳች። እኔ ወንድ ነኝ፣ የሰው ቤት በር አልፌ አልገባም። እሷ ግን በልብስ ሻጭነቷ የማትገባበት ጓዳ የለም።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ከዚያ ትልቅ ቤት ግድግዳ ጥላ ሥር መኪናዬን አቆምኩ። መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር የለም። የግቢው ዘበኛ በሩ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን መግቢያው ላይ ዘርግቶ ያንቀላፋል።

እናቴ ስልኳን ከእኔ ጋር እንደተገናኘ አባያዋ ውስጥ ከተተችው።

"ቢስሚላሂ" ብላ ወረደች። ዘበኛው ዓይኑን ሳይገልጥ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት። መልሶ ዘረጋ።

ጆሮዬን ስልኩ ላይ ተክዬ ቆየሁ። የማዳሟ ድምፅ ይሰማል። የጨርቅ ኮሽታ። ሳቅ። "ይሄ ጥሩ ነው፣ ያኛውን ትተሽልኝ ሂጂ" ዓይነት ወሬ። ቀጥሎ ማዛጋት... ከዚያ የተዘጋ በር።

ከዚያ ሹክሹክታ።

"ጀሚልዬ፣ ትሰማኛለህ?"

"እሰማለሁ እማዬ።"

"ተኛች። እዚህ ያለችው ልጅ ነጅማ ትባላለች። የባቲ ልጅ ናት። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል፣ ያ አላህ..."

"ስለ ራሕመት ጠይቂያት።"

የታፈነ ንግግር ሰማሁ።

"አላውቃትም ትላለች። ከእሷ በፊት ነው። ክፍሏን ግን ታውቀዋለች።"

"የት ነው?"

"ከወጥ ቤቱ ጀርባ። ከውጭ ተቆልፏል። የዕቃ ክፍል ነው ብለዋታል።"

የነጅማ ድምፅ ጣልቃ ገባ። በጣም ቀጭን ነው።

"እትዬ... እዚያ ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ ስልክ ይጮኻል።"

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ተኩል።

ጅዳ ያለው ማሽን መደወል ጀምሯል።

በእናቴ ስልክ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ከተዘጋ በር ጀርባ... ደወል ሰማሁ።

አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው መሐል ላይ ቀጥ አለ።

"አነሱት" አለች እናቴ።

"ማን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? በሩ እንደተቆለፈ ነው።"

ከበሩ ጀርባ የተቀዳው ድምፅ መጣ። ደህና ነሽ? ደህና ከሆንሽ... ድምፁ አለቀና ጸጥ አለ። ጠበቅሁ።

ጢጥ።

የአንድ ቁልፍ ድምፅ። ረጅም፣ ጣት እንዳልተነሳለት ሁሉ።

እጄ ላይ ያለው ስልክ ነዘረ። ከጆሮዬ አውርጄ አየሁት።

*ራሕመት። 2*

"እማዬ፣ ክፈቺው! አሁን ክፈቺው!"

ነጅማ ቁልፉ የት እንደሚሰቀል ታውቃለች። የብረት ድምፅ ሰማሁ። የበሩ ማጠፊያ ሲንሲያጠጥ ሰማሁ። ከዚያ ምንም።

"እማዬ?"

...

"እማዬ!"

"ባዶ ነው" አለች። ድምፅዋ ተሰብሯል። "ማንም የለም፣ ልጄ።"

"ስልኩስ?"

"መሬት ላይ ነው። አቧራ ለብሷል።" ጎንበስ ስትል ተሰማኝ። "ጀርባው ክፍት ነው... ባትሪ የለበትም።"

"ሌላስ ምን አለ?"

"ፍራሽ።"

"ሌላስ?"

"ጀሚልዬ... ክፍሉ በረዶ ነው። ፍራሹ ግን መሐሉ ሞቋል። አሁን ሰው የተነሳበት ነው የሚመስለው።"

አለቀስኩ። አልደብቅም። እኔ እኮ ከእናቴ ጋር እየሳቀች ትወጣለች ብዬ ነበር የመጣሁት።

ስልኬ መንዘሩን ቀጠለ። የሌሎቹ መልስ ነው። ከጅዳ፣ ከመካ፣ ከየጓዳው። ሁለት። ሁለት። አንድ። ሁለት። በመሐል በስልኩ ውስጥ የሌላ ስልክ ጥሪ ሰማሁ፤ እዚያው እናቴ አጠገብ። ነጅማ ከኪሷ አወጣችው። ቁልፉን ስትጫን ሰማኋት።

*ነጅማ። 2*

"እማዬ" አልኩ። "ልጅቷን ይዘሻት ውጪ።"

"እሷን ሳልይዝ መቼ እወጣለሁ?" አለች።

በሩ ተከፈተ። ሁለት ጥቁር አባያ ወጣ። ዘበኛው ቢነቃ አለቀልን። እናቴ ቀደመች። ዘበኛው እንደቅድሙ ዓይኑን ሳይገልጥ እግሩን ሰበሰበ፣ መልሶ ዘረጋ። ነጅማ ደረሰች። ሰበሰበ፣ ዘረጋ።

ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰበሰበ።

ትንሽ ቆየ። ዘረጋ።

እናቴ ከፊት ገባች፣ ነጅማ ከኋላ፣ ከእኔ ጀርባ። ሞተር አስነስቼ በረርኩ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ዋናው መንገድ ገባን።

በመስታወቱ ነጅማን አየኋት። በሩ ላይ ተለጥፋለች። ትከሻዋ መስኮቱን ተጭኖታል፣ እግሯን አጣምራለች። ያ ሁሉ ወንበር ባዶውን ነው።

"ነጅማ፣ ዘና በይ እንጂ" አልኳት። "ጠጋ ብለሽ ተቀመጪ።"

ወደ ጎኗ አየት አደረገች። መልሳ አቀረቀረች።

"ቦታ የለም" አለች።

እናቴን አየኋት። እናቴ ወደ ፊት ብቻ ነው የምታየው። ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል።

ስልኬ ጮኸ።

የመክተቡ ቁጥር ነው። ረቡዕ ረቡዕ የሚደውለው። ስፒከሩን ከፍቼ ከፊቴ አስቀመጥኩት።

"ጋሼ ጀሚል" አለ ድምፁ።

የራሕመት ድምፅ ነው። በሐርቡ አነጋገሯ፣ ጁምዓ ጁምዓ ስትስቅ የምሰማው። ግን አይስቅም። እንደ ተቀዳ ቃል አንድ ወጥ ነው።

"ደህና ነህ? ደህና ከሆንክ አንድን ተጫን። ደህና ካልሆንክ... ሁለትን ተጫን።"

ከዚያ ጸጥ አለ። መስመሩ አልተቋረጠም።

የሰይፉ ነገር ትዝ አለኝ። አንድም ቀን ተጫኜ አላውቅም ያለው።

"መልስላት እንጂ" አለች እናቴ፣ ዞር ሳትል። "ትጠብቅሃለች።"

ደህና አልነበርኩም። እንዴት ደህና እሆናለሁ?

ሁለትን ተጫንኩ።

ጢጥ።

ድምፁ ከስልኬ አልመጣም። ከኋላ ወንበር ነው የመጣው። ከባዶው በኩል።

ኩዳይ እስክንደርስ መስታወቱን አላየሁም። ነጅማን በኋላ ቆንስላው ዘንድ ወስደናት፣ አል-ሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ባቲ ከናቷ ጋር ናት። የሌሎቹንም መልስ እዚያው አስረክቤያለሁ፤ ሁሉም ባይሆኑ ጥቂቶቹ ወጥተዋል። ያን ቀን ግን የምናውቀው ነገር አልነበረም። ቤታችን በር ላይ አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁ።

ስልኬ ነዘረ። ጅዳ ካለው ማሽን የመጣ የመጨረሻ መልእክት ነው።

*የሚጠብቅ የለም።*

አለቀ አልኩ በልቤ። ነጅማ በእሷ በኩል ያለውን በር ከፍታ ወረደች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

እናቴ ግን በመኪናው ዙሪያ ዞረች። ማንም ወዳልተቀመጠበት በኩል። በሩን ከፈተችው። ከፍታም ይዛው ቆመች... ቆመች... አንድ ሰው ለመውረድ ከሚፈጅበት ጊዜ በላይ።

"ቀስ ብለሽ፣ የኔ ልጅ" አለች። "ደርሰሻል። ቤትሽ ነው።"

ዞሬ አየሁ።

ወንበሩ መሐሉ ላይ ጎድጉዶ ነበር። እያየሁት፣ ጎድጓዳው ቀስ... ቀስ እያለ ሞላ።